ጅሬን፣ ሂርማታ፣ ጮጬ፦ ጅማን ሊያዩ ለሚመጡ ቤተሰቦች



ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከድሬዳዋ ወደ ጅማ የሚመጡ እንግዶች በሁለተኛው ቀን «ለመሆኑ እዚህ ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የእኛ የጅማ ሰዎች መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ቡና። ከዚያም ቡናው ተፈልቶ፣ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ተጠጥቶ እንግዳው ወደ መናኸሪያ ይሸኛል። ጅማን አየሁ ብሎ ይሄዳል፤ ያየው ግን ሳሎናችንን ነው።

ጎንደር የሄደ ሰው የፋሲልን ግንብ ሳያይ ቢመለስ «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ይባላል። ሐረር የሄደም ጀጎልን ሳያይ አይመለስም። ጅማ የመጣ እንግዳ ግን ጅሬንን ሳያይ ቢመለስ ማንም አይገረምም። ለምን? አንዱ ምክንያት የእኛ ታሪክ የተጻፈው በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት መሆኑ ይመስለኛል። ድንጋይ ተመልካች ባይኖረውም ቆሞ ይጠብቃል። እንጨት ግን ጠያቂ ይፈልጋል። እንግዲህ ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ ሰው በጅማና በአካባቢዋ ምን እንደሚታይ፣ ሲታይም ምን መታሰብ እንዳለበት እስቲ አብረን እንመልከት።

ወደ ጅሬን ኮረብታ

ከከተማው መሐል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። የተሠራው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጨረሻዎቹ ዐሠርት ዓመታት ነው። ዋናው ቤት ባለ ፎቅ ሲሆን ሰገነቱ፣ ምሰሶዎቹና መከለያዎቹ በጠራቢዎች እጅ የተዋቡ ናቸው። ዛሬ የምናያቸው ቤቶች ከጥንቱ ግቢ የተረፉት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውን ለልጆቻችን መንገር ይገባል። በዘመኑ ቤተ መንግሥቱ ራሱን የቻለ አንድ ከተማ ነበር። ዳኛው፣ ወታደሩ፣ አንጥረኛው፣ ነጋዴውና ሸኹ በየቀኑ የሚገቡበትና የሚወጡበት ግቢ ነበር።

የቤቱን ባለቤት ሳያውቁ ቤቱን ማየት ብዙም አይጠቅምም። አባ ጅፋር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሆን የሕይወት ስማቸው ሙሐመድ ነው፤ የአባ ጎሞል ልጅ ናቸው። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው። በኦሮሞ ባህል ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበርና ጅፋር የፈረሳቸው ስም መሆኑን ልጆች ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነግሠው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1932 ድረስ 54 ዓመታት በዙፋኑ ላይ ቆይተዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ምኒልክ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ዘውዲቱና ኃይለ ሥላሴ በሸዋ ተፈራርቀዋል፤ የጅማው ሰው ግን አንድ ነበሩ።

እዚህ ላይ እህቶቻችን ልብ እንዲሉት የምፈልገው ነገር አለ። የምኒልክ ጦር ወደ ጊቤ አገሮች በገፋበት ዘመን አባ ጅፋር ከመዋጋት ይልቅ መገበርን መረጡ። ይህን ምክር የሰጧቸው እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ እንደሆኑ ይነገራል። በውሉ መሠረት ጅማ በየዓመቱ ግብር እየከፈለች በውስጥ ጉዳይዋ ግን ራሷን ስታስተዳድር ቆየች። በዙሪያዋ ያሉ አገሮች በጦርነት ሲፈርሱ የጅማ ገበያና መስጊድ ሳይነካ ቀረ። የአንዲት እናት ምክር አገር አዳነ ብንል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ሙሉውን እንናገር ካልን የዚያ ሰላም ዋጋ በሌሎች ላይ አርፏል። የአባ ጅፋር ጦር እ.ኤ.አ. በ1894 በወላይታ፣ በ1897 ደግሞ በከፋ ዘመቻ ከምኒልክ ጦር ጎን ተሰልፏል። አስጎብኚዎች የመጀመሪያውን ተናግረው ሁለተኛውን ሲዘሉ ሰምቻለሁ። ልጅ ሁለቱንም ቢያውቅ ይሻላል እላለሁ።

ንጉሡ ካረፉ በኋላ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ለአጭር ጊዜ ተተኩ፤ ወዲያውም ጅማ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆነች። ቤተ መንግሥቱም ባለቤት አጣ። ለብዙ ዓመታት ዝናብና ምስጥ ሲፈራረቁበት ኖረ፤ ወለሉ የሚንቃቃ፣ ደረጃው የሚያስፈራ ሆኖ የምናስታውሰው ብዙዎች ነን። አልሐምዱሊላህ፣ በቅርብ ዓመታት የእድሳት ሥራ ተሠርቶለታል።

እድሳት ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር ክዌድሊንቡርግ የምትባል አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ አለች። ቤቶቿ እንደ እኛው በእንጨት አጽም ላይ በጭቃ የተሞሉ ናቸው። ከ1,300 በላይ የሚሆኑ እንደዚህ ያሉ ቤቶች አሏት፤ ከመካከላቸው ከ600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አለ። በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ዘመን ብዙዎቹ ጣሪያቸው እያፈሰሰ ለመፍረስ ተቃርበው ነበር። ኋላ ግን ጣሪያ ተጠገነ፣ የበሰበሰ ምሰሶ በአዲስ ተተካ፣ ሰዎችም ተመልሰው ገቡባቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከተማዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረች። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ጎብኚ የሚያየው እንጨትና ጭቃ ነው! እንጨት ጣሪያው እስካላፈሰሰ፣ እግሩም ውኃ እስካልነካው ድረስ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጅሬን ግን ገና አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ነው የደከመው።

ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የጥንቱ መስጊድ አለ፤ አፉርታማ ይባላል። አፉርታማ በኦሮምኛ አርባ ማለት ነው። እዚህ ስትደርሱ ጎብኚነታችሁን ትታችሁ ሰጋጅ ሁኑ። ውዱእ አድርጋችሁ ሁለት ረከዓ ተሒየቱል መስጂድ ስገዱ። ካሜራውን በቦርሳ ውስጥ ማቆየት ነውር የለውም። የንጉሡ ቀብርም ከቤተ መንግሥቱ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ቀብር የምንዘይረው ሞትን ለማስታወስና ለሟቹ ዱዓ ለማድረግ ነው እንጂ ከቀብር ለመለመን እንዳልሆነ ለልጆች በቦታው ቢነገራቸው ትምህርቱ አይረሳም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ግን በዓይን የሚታይ አይደለም። አባ ጅፋር ከጅማና ከአካባቢው ለሐጅ የሚሄዱ ሰዎች የሚያርፉበት ቤት በመካ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ሐጅ ማለት የወራት ጉዞ መሆኑን አስቡት። በእግርና በበቅሎ እስከ ባሕር፣ ከዚያ በመርከብ። መካ የደረሰ የጅማ ገበሬ የራሱን ቋንቋ የሚሰማበት ጣሪያ ያገኝ ነበር። በጅሬን ሰገነት ላይ ቆሞ ወደታች ሲያዩ ይህን ማሰብ ለእኔ ከሰገነቱ ጥርብ እንጨት የበለጠ ነገር ነው።

ሂርማታ

የዛሬው ጅማ ከተማ የበቀለው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው። ሂርማታ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ሐሙስ ቀን ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከኮንታና ከኩሎ የመጣ ሰው ይገናኝበት ነበር። ከሰሜን ደግሞ ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭነው ይመጣሉ፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ጭነው ይመለሳሉ። እስልምና በጊቤ አገሮች የተስፋፋው በዋናነት በእነዚህ ነጋዴዎችና አብረዋቸው በመጡ ዑለማዎች አማካይነት ነው። በጅማ ንጉሣዊ ቤት እስልምናን በመቀበል የታወቁት እ.ኤ.አ. ከ1830 ጀምሮ የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ጎማ ግን በዚህ ረገድ ከጅማ ትቀድማለች፤ የጎማ ሰዎች ይህን ሳያስታውሱን አይውሉም።

በሂርማታ የተሸጠው ግን ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም። ሰውም ተሽጧል። ጅማ በዘመኑ ከታላላቅ የባሪያ ንግድ ማእከላት አንዷ ነበረች። ሻጩም፣ ደላላውም፣ ገዢውም ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ። ባሪያ ነጻ ማውጣትን ታላቅ ዒባዳ ያደረገ ሃይማኖት ይዘን ይህን ማድረጋችን አንገት የሚያስደፋ ነው። አንዳንድ ወላጆች «ይህን ለልጅ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። እኔ በክፍል ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ልጆች ከገበያው ዳር ቆመው «እዚህ እንደናንተ ያለ ልጅ ይሸጥ ነበር» ሲባሉ ዝም ይላሉ፤ ቀጥለው የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ከመጽሐፍ ከሚጠይቁት ሁሉ የጠለቀ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተማው አዲስ መልክ ያዘ። ቀጥ ያሉት መንገዶችና በመሐል ከተማ የሚታዩት አንዳንድ የቆዩ ሕንጻዎች የዚያ ዘመን ናቸው። አዌቱ ወንዝ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን የከተማ ጉብኝት በአጭሩ ልጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተጀመረው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ተዋሕደው የዛሬውን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፈጥረዋል፤ ግቢው ለምለም ነው። የንጉሡ ቤተሰብ መገልገያ ዕቃዎች ለረጅም ዓመታት ሲታዩ የኖሩት በከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ነው። የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግን ለማየት ሙዚየም አያስፈልግም፤ በመንገድ ዳር ይሸጣል። ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም። ለማስታወሻ የሚገዛ ነገር የሚፈልግ እንግዳ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

የቡናው መንገድ

ከጅማ ወደ ምዕራብ በየቡ በኩል ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግራና ቀኙ ቡና ነው። ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋልና ከሩቅ ለሚያይ ሰው ተራ ጫካ ይመስላል፤ ከመኪና ወርዶ ገባ ካላለ አያየውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ፍሬው ቀልቶ ሲለቀም ቤተሰብ ሁሉ በማሳ ውስጥ ነው። ልጆቻችሁን ማምጣት የምትፈልጉ ከሆነ ያን ጊዜ ምረጡ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ዝናቡ አያስወጣም፤ የገጠሩ መንገድም ጭቃ ነው።

በጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ አጠገብ ጮጬ የምትባል ቦታ አለች። የአካባቢው ሰው ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላል። የፍየል እረኛው ታሪክም በዚሁ ስፍራ ይተረካል። የከፋ ወንድሞቻችን ደግሞ አይደለም፣ ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ ነው ይላሉ፤ ቦንጋ ላይም የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። ጫካው የወረዳና የዞን ድንበር ከመሰመሩ በፊት የነበረ ነው። ሁለቱንም ማየት የሚችል ሰው ሁለቱንም ይይ።

ለሙስሊም ጎብኚ ግን የቡናው ታሪክ ሌላ ምዕራፍ አለው። ቡና ከእኛ ጫካ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ሲደርስ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀበሉት ሱፊዎች ናቸው። ሌሊት ለዚክር ነቅተው ለመቆየት ይጠጡት ነበር። ከየመን ወደ መካና ካይሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ሹም ኻዪር ቤይ «ሐራም ነው» አሰኝቶ አስከልክሎት ነበር፤ ዕገዳው ግን ብዙ አልቆየም። አውሮፓ ቡናን የቀመሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታዲያ ጅማ ላይ ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» ብለን ስንጠጣ፣ ከመጠጣታችን በፊትም እናቶቻችን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ያ ጥንታዊ ትስስር በቤታችን አለ ማለት ነው። እንግዶች ዕድል ካገኛችሁ ቡና ቀላንም ቅመሱ። ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ነው። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያ ጉርሻ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ በሁለተኛው ግን እጁን ይሰድዳል።

ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማእከል የአገሪቱ የቡና ምርምር ዋና መቀመጫ ነው። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የቡና ዓይነቶች በሕይወት ተተክለው የሚጠበቁበት ማሳ አለው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለው ቤተሰብ አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ቢጎበኘው አይጸጸትም።

በየቤቱ ያለው ቅርስ

አስጎብኚ የማያሳያችሁ፣ እኔም አድራሻ የማልሰጥበት አንድ ነገር ቀርቷል። እሱም በቆዩ የሸኾች ቤቶች ውስጥ ያሉት የእጅ ጽሑፎች ናቸው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ደረሳዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ፊቅህ፣ ነሕውና ተፍሲር ይቀሩ ነበር። ኪታብ በገንዘብ ስለማይገኝ በእጅ ይገለበጣል። አንዳንዶቹ በዐረብኛ ፊደል፣ ግን በኦሮምኛ ቋንቋ የተጻፉ መንዙማዎችና ትምህርቶች ናቸው፤ ዓጀሚ ይባላሉ። ብዙው ዛሬም በቆዳ ተጠቅልሎ፣ በጆንያ ታስሮ በቆጥ ላይ ይቀመጣል። ጭሱ ከምስጥ ይጠብቀው ነበር። አሁን ግን ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ማድቤቱ ለብቻ ወጥቶ፣ ጭሱ ስለጠፋ ምስጡ ገብቷል። አያት ሲሞቱ ልጆች ቤቱን ሲያጸዱ «የአሮጌ ወረቀት ክምር» ብለው የሚያወጡት ነገር አለ።

እንግዲህ እዚህ የምንኖር ሰዎች ሥራ ይህ ነው። በቤታችሁ ያለ ኪታብ ካለ ከወለል አንሱት፤ በደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አኑሩት፤ ስንት ቅጠል እንዳለው ቆጥራችሁ ጻፉ፤ የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ፤ ገልባጩ ስሙን፣ የት እንደጻፈውና በስንት ዓመተ ሂጅራ እንደጨረሰ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያሰፍራል። ላሚኔት ማድረግና በፕላስተር መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በጎ አስበው እንዲህ ያበላሹ አሉ። ከቻላችሁ እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ለማንም ሳትሰጡና ሳትሸጡ ጽሑፉ ይተርፋል።

እኔ በማስተምርበት በጊንጆ ሰፈር ልጆች መካከል ጅሬንን ያየ እጁን ያውጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። የወጡት እጆች ጥቂት ነበሩ። ከእነሱም ውስጥ አንዷ ልጅ የሄደችው ከውጭ አገር የመጣች አክስቷን አጅባ ነው። ከሰፈራችን እስከ ኮረብታው ያለውን መንገድ በባጃጅ ለመሄድ የሚጠይቀው ገንዘብ በበዓል ቀን ለለስላሳ ከምናወጣው አይበልጥም። የዒድ ከሰዓት ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ምን እንደሚያደርጉ ግራ የሚገባቸው ጊዜ ነው። በዚያ ቀን አያትን ጨምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ጅሬን ቢወጣስ? አያቶቻችን ስለ ንጉሡ ከወላጆቻቸው የሰሙት ብዙ ነው፤ ግን የሚጠይቃቸው የለም። ቦታው ላይ ሲቆሙ ሳይጠየቁም ይናገራሉ።

ለጉዞው የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ወደ ጊቤ በረሃ ወርዶ የሚወጣው መንገድ ራሱ የሚታይ ነው። በአውሮፕላን ለሚመጣም አየር ማረፊያው በአባ ጅፋር ስም የተሰየመ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ጠዋት ጅሬንን፣ ከሰዓት ገበያውን ይይ። ሁለት ቀን ያለው አጋሮንና ጮጬን ይጨምር። በመስጊዶችና በቀብር ስፍራ አለባበስን መጠበቅ፣ ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ የቡና ማሳ ውስጥ ሲገቡ ባለቤቱን ሰላም ማለትና ፍሬ አለመቀንጠስ የታወቀ ነው። የቡና ፍሬ የገበሬው የዓመት ደመወዝ ነው።

ሕፃናት ታሪክ ሲሰለቻቸው ደግሞ ቦዬ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ያለ ረግረግ ውኃ ነው። ጉማሬዎች ይኖሩበታል። ዐስር ሰግዳችሁ ብትሄዱ ፀሐይዋ ስትበርድ ከውኃው ብቅ ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ። ጉማሬ የዋህ መስሎ ቢታይም በየብስ ላይ ፈጣን ነውና ልጆችን ከዳርቻው ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ መግሪብ ሳይደርስም ተመለሱ።